ከባሕር ማዶ የሚገኝ ደመወዝና የእርጅና ዋስትናው



የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርድ የኖረ ነው። በኋላ ግን ወጣቶቹ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ባሕር ተሻግረው በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ሆነዋል። በዚያ አገር ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም፤ ይህም እንደ ትልቅ ጥቅም ይወሳል። ይሁን እንጂ ለቤት ሠራተኛዋ የጡረታ መዋጮም አይቆረጥላትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ የፈቀደው፣ አራት ተከታታይ ዓመት ላገለገለች የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ ነው።

በአገር ቤት በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የተጀመረው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይሰበስባል፤ ለዘለቄታ አበልም ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። በጅዳ የተሠራ ዐሥር ዓመት ከዚህ ቁጥር አይገባም፤ መዋጮ አልተከፈለበትምና።

ስለዚህ ወደ ስማዳ የተላከው ገንዘብ በሬ፣ የቆርቆሮ ቤት፣ የወንድም ሠርግ ይሆናል። ይህን ብክነት ብሎ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የገበሬ ጡረታ ድሮም ልጅና ከብት ነበር። ጉድለቱ ከአሠሪው ድርሻ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ ለመላክ የሁለት መንግሥታትን ስምምነት ቅድመ ሁኔታ አደረገ፤ የ11 በመቶው ጥያቄም ሊነሣ የሚገባው በዚሁ የስምምነት ጠረጴዛ ላይ ነው።