ማሾ፣ ፍትሐዊ ዋጋና ሸማችነት፦ የካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት ከማጀቴ ሲታይ



ስለ ሸማችነትና ስለ ሉላዊነት ሥነ ምግባር እንድናገር ስትጋብዙኝ ከይፋት ቆላ ለመነሣት መረጥሁ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ባለው ምድር ገበሬው ከማሽላና ከጤፍ ጎን ማሾ ይዘራል። በሁለት ሦስት ወር የሚደርስ፣ የዝናብ እጥረትን የሚችል ሰብል ነው። በአካባቢው ማዕድ ግን ሰፊ ስፍራ የለውም፤ በአብዛኛው ወደ እስያ አገሮች ለመላክ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይገበያያል።

ይፋት የኦርቶዶክስና የሙስሊም አገር ነው፤ የካቶሊክ ትምህርት እዚያ ምን ጉዳይ አለው? ትምህርቱ በዚህ ረገድ የሚከራከረው በፍትሕ ስም ስለሆነ አድማጩን ስለ ሃይማኖቱ አይጠይቅም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛ በችግር ተገድዶ የተቀበለው ደመወዝ ስለተስማማበት ብቻ ፍትሐዊ እንደማይሆን አስተማሩ። ጳውሎስ 6ኛ በ1967 «ፖፑሎሩም ፕሮግሬሲዮ» ይህንኑ መርሕ በአገሮች መካከል ወደሚደረግ ንግድ አሰፉት።

የማጀቴው ገበሬ በገበያ ቀን «እሺ» ይላል። እሺታው ግን ምን ያህል ነጻ ነው? የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው ምርት ሲሰበሰብ ነው። ማሾው ቤት ቢሰነብት ነቀዝ ይበላዋል። ዋጋ እስኪሻል መጠበቅ የሚችለው መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው።

ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1987 ከድህነት ጎን ለጎን የቆመውን ከልክ ያለፈ ብልጽግና ነቅፈዋል፤ በነዲክቶስ 16ኛም በ2009 መግዛት የሞራል ተግባር መሆኑን አሳስበዋል። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ትምህርት በመድረኮቻችን የሚተረጎምበት መንገድ ነው። ሞባይል የገዛን የገጠር ወጣት መገሠጽ ይቀናናል፤ ያ ስልክ ግን የሸዋ ሮቢትን ዋጋ የሚሰማበት ጆሮው ነው። ትርፍ ለሌለው ሰው ስለ ትርፍ መስበክ ምን ይሉታል? ግሣጼው ከሁሉ በፊት የሚመለከተው አዲስ አበባ የምንኖረውን፣ ቁም ሣጥናችን አልዘጋ ያለንን ነው።

«አውቆ መግዛት» የሚለው መፍትሔም ወሰን አለው። አገራችን የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ ደርሳለች። ማሾ እንዲህ ያለ የታወቀ ስም የለውም። ባሕር ማዶ ለልጆቿ የምትቀቅለው እናት ማጀቴን በምን ታውቃለች? እርሷስ ሀብታም ናትን?

ስለዚህ ከሸማቹ ኅሊና ይልቅ በሻጩ አቅም ላይ አተኩራለሁ። ሌዎን 13ኛ በዚያው መልእክት የሠራተኞችን የመደራጀት መብት ተከላክለዋል። ለይፋት ይህ ማለት ከነቀዝ የሚጠብቅ የጋራ መጋዘንና ዕዳውን ለጥቂት ወራት የሚያሻግር ብድር ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ወጪውን ገበሬው ብቻውን ይሸከም ማለት ወደተነሣንበት ይመልሰናል፤ በእኔ እምነት ላኪውም መካፈል አለበት። በምን ያህል ድርሻ የሚለውን የምጣኔ ሀብት መምህራን ብታነሡልኝ እወዳለሁ።