ስለ አንድ ጥቅል ጎመን ሥዕል
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



«የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል እየሰማን ስላደግን፥ ጎመን ከማዕድ ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ሳንጠይቅ ተቀብለናል። የአውሮፓ ሊቃውንትም በሥዕል ረገድ ተመሳሳይ ደረጃ አውጥተው ነበር። ፈረንሳዊው አንድሬ ፌሊቢየን በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታሪክን ታላላቅ ሥራዎች የሚስለውን ሠዓሊ ከሁሉ በላይ፥ ፍራፍሬና አበባ የሚስለውን ግን ከሁሉ በታች አስቀመጠ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ በ1602 ገደማ፥ በስፔን አገር የቶሌዶ ሠዓሊ የነበረው ኹዋን ሳንቼዝ ኮታን አንድ ጥቅል ጎመን ሳለ። ሥዕሉ ዛሬ በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ሙዚየም ይገኛል። በጨለመ መስኮት ውስጥ ኩዊንስ የሚባል ቢጫ ፍሬና ጎመኑ በክር ተንጠልጥለዋል፤ ከበታቻቸው ደፉ ላይ የተቆረጠ ሜሎንና ኪያር ተቀምጠዋል። ማንጠልጠሉ የሠዓሊው ፈጠራ አይደለም፤ ምግብ ቶሎ እንዳይበላሽ በቤት የሚደረግ ዘዴ ነበር። በሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም፤ ድግስም የለም። ብርሃኑ ግን ለቅዱሳን ሥዕል የሚሰጠውን ያህል ክብር ለጎመኑ ቅጠል ሰጥቶታል። ኮታን በ1603 የሥዕል ቤቱን ትቶ ሥጋ ወደማይበሉት ወደ ካርቱዚያን መነኮሳት ሄደ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «የሚበላው ያጣ ሰው ሞልቶ ሳለ ጎመን መሳል ምን ይረባል?» ይሉናል። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሥዕል የተራበን አያጠግብም፤ ኮታንም ስለ ገበሬ ድካም ልስበክ አላለም። ነገር ግን ንቀት የሚጀምረው ካለማየት ነው ብለን እናምናለን። የጎመንን ቅጠል ከነጅማቱ፥ ከነጥላው አንድ በአንድ ለማየት የታገሠ ሰው፥ ያንን ጎመን የኮተኮተውን እጅ ተራ ነው ብሎ ለማለፍ ይከብደዋል። እኛ የተማርነው ደግሞ ደረጃ ለማውጣት የምንቸኩል፥ ለማየት ግን የምንዘገይ ነን።

ስለዚህ ከመካከላችን እርሳስ የሚይዝ ሁሉ፥ ትልቅ ርእስ እስኪያገኝ ድረስ አይጠብቅ። በየሰፈሩ ጉልት ላይ የተደረደረው ሽንኩርት፥ ድንችና ጎመን አለ። ከሻጭዋ ገዝቶ፥ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፥ እንዳየው አድርጎ ይሳለው። ደረጃውን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።