ስለ አሮጌው የውድድር ብስክሌት ቴላዮ

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በወጣቶች ክፍል የተሰጠ ገለጻ)



በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው የብስክሌት ቴላዮ ብዙ ተብሏል። «ለቁራሌው ይሰጥና ይገላግለን» ያሉ አሉ። «ካምቢዮና ፍሬን ይበየድበትና ልጆች ይላላኩበት» ያሉም አሉ። ቴላዮውን ያበረከቱልን እናት ግን የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይሸጥና ልጆች እንዲነዱት። እንድናጣራ በታዘዝነው መሠረት ያየነውን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ይህ የመንገድ ብስክሌት አይደለም። ቬሎድሮም በሚባለው፣ ዙሪያው እንደ ሳህን ከንፈር ወደ ላይ ባዘነበለ ሜዳ ላይ ለሚደረግ ውድድር የተሠራ ነው። እንዴት ዐወቃችሁ ብትሉን፣ የኋላው ጎማ የሚገባበት አፍ ወደ ኋላ የተከፈተ ነው፤ ካምቢዮ የሚንጠለጠልበት ጆሮም የለውም። የፊት ሹካው ራስ ላይ የፍሬን ቀዳዳ የለም። የፍሬን ገመድ ማለፊያ፣ የጭቃ መከላከያ ማሰሪያ፣ የውኃ ኮዳ መያዣ ብትፈልጉ ምንም የለም። የሹካው እግሮች እንደ መንገድ ብስክሌት ሞላላ ሳይሆኑ ክብ ናቸው፤ ጋላቢው ተነሥቶ በኃይል ሲረግጥ ወደ ጎን እንዳይለመጡ ነው። በኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ስፋት 120 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ በድሮ የመንገድ ብስክሌቶችም ስለሚገኝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን ይመሰክራል።

የየት አገር ነው በሚለው ላይ ክርክር በዛ። አንዳንዱ ቀለሙን አይቶ «እንግሊዝ ነው» ይላል። ቀለም ምን ይናገራል? ቀለምን ማንም ይለውጠዋል፤ የታወቀ ሠሪ ስም ያለበት ተለጣፊም በገንዘብ ይገዛል። የማይዋሸው የብሎን ጥርስ ነው። የፔዳሉ ዘንግ የሚዞርበትን የታችኛውን ቤት ከፍተን ለካን። የቤቱ ወርድ 70 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ሆኖ አገኘነው። ይህ የጣሊያን ልክ ነው። የእንግሊዝ ቢሆን ኖሮ ወርዱ 68 ሆኖ በካቴናው ወገን ያለው ጥርስ ወደ ግራ ይጠብቅ ነበር። የፈረንሳዩ ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ነው።

ሹካውንም አወጣነው። የአንገቱን ቱቦ ከታች በኩል በባትሪ ስናይ፣ በውስጡ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ አምስት ጅማቶች አሉት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1919 በሚላኖ የተቋቋመው ኮሎምቡስ የሚባለው የቱቦ ፋብሪካ ምልክት ነው። መጋጠሚያዎቹን ደግሞ ተመልከቱ። ቱቦው እጅጌ በመሰለ ማያያዣ ውስጥ ገብቶ፣ በመሐላቸው ነሐስ ቀልጦ ፈሶበታል። የእጅጌዎቹ ጫፍ በሞረድ ቀጥኗል፤ የግራውና የቀኙ ጫፍ ቁርጥ እኩል አይደለም። የሰው እጅ ነው የሠራው።

ሙያው ቀላል አልነበረም። በሚላኖ እ.ኤ.አ. በ1935 በተከፈተው በቪጎሬሊ ቬሎድሮም ሥር ፋሊዬሮ ማዚ የተባለው ስመ ጥር ሠሪ ወርክሾፕ ነበረው። ፋውስቶ ኮፒ እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ መሐል የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን የሰበረው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ኤዲ መርክስም እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የሄደው ኤርኔስቶ ኮልናጎ በሠራለት ብስክሌት ነው። የኛው ቴላዮ የነሱ ነው ማለታችን አይደለም። የዚያው ሙያ ልጅ ነው፤ ቁራሌው ሊመዝነው አይገባም።

አሁን ወደ ጥገናው። ከኋላው ጫፍ ተነሥተን በፊት አንገቱ ላይ ክር አዙረን ለክተናል፤ ክሩ ከኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ አልተጣመመም። ከአንገቱ ሥርም የተሸበሸበ ብረት የለም። ታዲያ ጤነኛውን ለምን እናሳምመው? ኮሎምቡስ ኤስ ኤል የተባለው ቱቦ ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን መሐሉ 0.6 ብቻ ነው። በዚህ ቅጥነት ላይ የኤሌክትሪክ ብየዳ ያቃጥላል፣ ግራይንደርም ይበላል። ስለዚህ ብየዳም፣ ግራይንደርም፣ ስቱኮም አይነካውም። ዝገቱ በኦክሳሊክ አሲድ ይለቅቃል፤ ከዚያ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል። በቱቦዎቹ ውስጥ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የተፈላ የተልባ ዘይት ፈሶ፣ ተገለባብጦ ይንጠፈጠፋል። የወጥ ቤቱን አታምጡ።

አስቸጋሪው የኮርቻው ምሰሶ ነው። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። አንድ ወንድማችን «ኮስቲክ ሶዳ ይብላው» ብሏል። እውነት ነው፣ ይበላዋል፤ ግን ዐይንና ቆዳም ያቃጥላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ አይሆንም። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ከላይም፣ ቴላዮውን ገልብጠን ከታችም እያንጠባጠብን ቀናት እንጠብቃለን። እምቢ ካለ ምሰሶው ተቆርጦ ከውስጥ በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ቱቦው ሳይነካ ማለት ነው።

የእናታችን ቃልስ? ይህ ዓይነቱ ብስክሌት ጎማው ሲዞር ፔዳሉም ይዞራል፤ እግር ማሳረፍ የለም፣ ፍሬንም የለም። በኛ ሰፈር ቁልቁለት ልጅ ቢለቀቅበት ወዴት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። የቀድሞውን ሹካ መብሳት ደግሞ የማይመለስ ጥፋት ነው። ስለዚህ የፍሬን ቀዳዳ ያለው ሌላ የመንገድ ሹካ እንግጠምለት እንላለን። ፊቱ በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይሁን። ዋናው ሹካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ልጆቹም በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ በደልዳላው ላይ ብቻ፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይንዱት። ይህን ለእናታችን ነግረናቸው፣ «ከነዱት ይበቃኛል፣ ብቻ እንዳይወድቁብኝ» ብለዋል።

ቤቱ አሮጌ የመንገድ ሹካ ያለው አባል እንዲያሳየን እንጠይቃለን። የአንገቱ ቱቦ ውፍረት 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም ከኛው ያላነሰ መሆን አለበት። የኛው ርዝመት በመጋዘኑ በር ላይ በኖራ ተሰምሯል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው አለን።