ብቻውን ስለ ቀረ ተክልና ስለ ዝግባ



በጥያ ሜዳ ከቆሙት የተቀረጹ ድንጋዮች አንዱ ብቻ እንኳ ቢቀር፣ የቀረጸውን ሰው ሲመሰክር ይኖራል። የዛፍ ነገር ግን እንደዚህ አይደለም። አንድ ትልቅ ዛፍ በደብር ግቢ ቆሞ ሲታይ ወገኑ ሁሉ የተጠበቀ ይመስላል፤ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ግንድ የሚበቅል ዛፍ ግን ብቻውን ከቀረ፣ እርሱ በሕይወት ሳለ ዘሩ ተቋርጧል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ተክል በደቡብ አፍሪካ፣ በዙሉ አገር ተገኝቷል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. የደርባን የዕፀዋት ስፍራ ሹም የነበረው ጆን ሜድሊ ውድ፣ ንጎዬ በሚባለው ዱር ዳር ቅጠሉ እንደ ዘንባባ የተዘረጋ፣ ባንድነት የበቀሉ አራት ግንዶች ያሉት ተክል አየ። ይህ ተክል ሳይካድ ከሚባለው እጅግ ጥንታዊ ወገን ነው፤ ዘንባባ ቢመስልም ዘንባባ አይደለም፤ አበባም የለውም። በ1903ና በ1907 ቍጥቋጦውና ግንዱ እየተነቀለ ወደ አትክልት ስፍራ ተወሰደ፤ በ1916 የመጨረሻው ግንድ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ በዱር የታየ የለም። በሎንዶን አጠገብ ያለው የኪው አትክልት ስፍራ በ1899 የተቀበለው እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን የተገኘው ሁሉ ወንዴ ነው። ከግንዱ ሥር የሚያቈጠቍጠውን እየለዩ በብዙ አገር ተክለውታል፤ ይሁን እንጂ ያው የመጀመሪያው ተክል ነው እንጂ ልጅ አይባልም። ሴቴዪቱን ፍለጋ ዱሩን ደጋግመው አሰሱ፤ በቅርብ ዓመታትም ድሮን በሚባለው በራሪ መሣሪያ ከላይ ፎቶግራፍ እያነሡ ፈለጉ፤ አልተገኘችም።

ይህን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ መተው አይገባም። ሽማግሌዎች ወንዴና ሴቴ ኮሶን ለይተው ያውቃሉ፤ ለመድኃኒት የሚመረጠውም የሴቴዋ አበባ ነው። ዝግባም ወንዴና ሴቴ አለው። ዝግባና ጥድ እንደ ሳይካድ ዘራቸው በእውነተኛ ፍሬ ውስጥ የማይሸሸግ ዕፀዋት ናቸው። ወንዴው ዝግባ ዱቄቱን በነፋስ ይሰዳል፤ ሴቴዋ ፍሬ የሚመስል ክብ ዘር ትይዛለች፤ ወፎችም ይበትኑታል። ቀጥ ያለው ግንድ ለሳንቃ ስለሚፈለግ በየአገሩ ተቈርጦ ተመናምኗል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ ስለዚህ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እርሱ ለማገዶ ባይደርስ ኖሮ የቀረውም ዝግባ ምድጃ በገባ ነበር።

እንግዲህ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋራ በየደብሩና በየመስጊዱ ግቢ ያለውን ዝግባ ቢቈጥሩ፣ የትኛው ዘር እንደሚይዝም ቢጽፉ መልካም ነው። ችግኙ አድጎ ዱቄት ወይም ዘር እስኪያወጣ ድረስ ወንዴነቱ ወይም ሴቴነቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ አንድ ብቻ መትከል ዕጣ እንደ መጣል ነውና ብዙውን ባንድ አካባቢ መትከል ይሻላል። የዘሩ ቅርፊት እንደ እንጨት ጠንካራ ነው፤ የላዩ ልባስ ተልጦ፣ ውስጡ ሳይጐዳ ቅርፊቱ በቀስታ ተሰንጥቆ ይዘራል። እንዲያው የተዘራው ሳይበቅል ብዙ ወራት ይቈያል።