«በኋላ አስታውሰኝ»፦ የዘገየ ማዘመኛ የሚያስከፍለው ዋጋ



ንግግሬን በኑዛዜ እጀምራለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ የኢንተርኔት መስመሩ እንዳይጨናነቅ በማለት ማሽኖቹ ራሳቸውን እንዳያዘምኑ በገዛ እጄ ዘግቼ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመስክ ጥናት መረጃዋን ልትከፍት ስትሞክር፣ ፋይሎቿ ሁሉ ተቆልፈው በስክሪኑ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ሰፍሮ አገኘች። ሌላ ቅጂ አልነበራትም። ቫይረሱ የገባበት ክፍተት ማዘመኛ ከወጣለት ወራት አልፈው ነበር።

የዚህን ጥፋት አካሄድ አጉልቶ የሚያሳየን እ.ኤ.አ. በ2017 የደረሰው የዋናክራይ ጥቃት ነው። ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ በኔትወርክ ፋይል በሚጋራበት ሥርዓት ውስጥ የተገኘውን ክፍተት የሚደፍን ማዘመኛ ማርች 14 ቀን አወጣ። ኤፕሪል 14 ቀን ክፍተቱን ለመጠቀም የተሠራው የጥቃት መሣሪያ በአደባባይ ተለቀቀ። ሜይ 12 ቀን ጥቃቱ ተጀመረ። መድኃኒቱ ከበሽታው 59 ቀናት ቀድሞ ነበር። ያም ሆኖ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰረዙ። በዚያ ከተጠቁት ማሽኖች አብዛኞቹ ዘመን ያለፈባቸው አልነበሩም፤ ማዘመኛው ወጥቶላቸው ሳይጫንባቸው የቀሩ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ማዘመኛን የሚመረምሩት አጥቂዎችም ናቸው። አዲሱን ፋይል ከአሮጌው ጋር አስተያይተው የተለወጠውን ስፍራ ሲያገኙ፣ ክፍተቱ የት እንደነበረ ይረዳሉ። ስለዚህ ማዘመኛ ለጫነው ጋሻ፣ ላልጫነው ደግሞ ደካማ ጎኑን ለጠላት የሚጠቁም ካርታ ይሆናል። ያልዘመነ ማሽን ማዘመኛው በወጣ ማግሥት ከትናንቱ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

የኢንተርኔት ዋጋ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ «ቢበላሽብንስ» የሚለው ስጋት እውነተኛ ምክንያቶች መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም መፍትሔ አላቸው። ማዘመኛውን በአንድ ሰርቨር አንድ ጊዜ አውርዶ በውስጥ ኔትወርክ ማከፋፈል፣ አስቀድሞ በጥቂት ማሽኖች ላይ መሞከር፣ ከኔትወርክ ተነጥሎ የሚቀመጥ ቅጂ መያዝ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ያን ጊዜም ይቻሉ ነበር፤ እኔ ግን አላደረግኋቸውም።

ያቺ ተማሪ መረጃዋን እንደገና ሰብስባ፣ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ስትጫኑ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል አስቡ።