ፖሊስ ያለ ትእዛዝ ወደ ቤት የሚገባው መቼ ነው?



ቤት ገመና ከታች ነው ይባላል። ቀኑን በመሥሪያ ቤት ሕዝብን ስናገለግል ውለን፣ ማታ በራችንን ዘግተን በሰላም የምናርፈው ሕግ ደጃችንን ስለሚጠብቅልን ነው። ይሁን እንጂ ወንጀል የሠራ ሰው በር ዘግቶ ከፍርድ እንዲያመልጥ ሕግ አይፈቅድም። እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ድንበሩ የት ላይ እንደ ሆነ ማወቅ ለሁላችንም ያስፈልገናል።

የቤት መከበር ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሰውም ሆነ ቤት ከሕግ ውጭ እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13፣ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ወደ ሰው መኖሪያ እንዳይገባ ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ይህንኑ መብት አጸና።

የፖሊስን አገባብ በዝርዝር የሚናገረው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። መሠረቱ፣ ፖሊስ ቤት የሚበረብረው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ነው የሚል ነው። ከዚህ ውጭ በቁጥር 32 የተፈቀዱት ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው።

አንደኛው፣ ፖሊስ እግር በእግር የሚከታተለው ወንጀለኛ ወደ ቤት የገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ በዚያ የጣለ እንደ ሆነ ነው። ቦርሳ ቀምቶ የሚሮጥ ሌባ ፖሊስ እያየው ወደ አንድ ግቢ ዘሎ ቢገባ፣ ፖሊሱን ዳኛ ፈልግ ብሎ መመለስ ሌባውን በጓሮ መሸኘት ይሆናል።

ሁለተኛው ብዙ ነገር አብሮ እንዲገኝ ይጠይቃል። ስለ ወንጀሉ ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበ መሆን አለበት። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በዚያ ቦታ ስለ መኖሩ በቂ ጥርጣሬ የሚያሳድር ወሬ ለፖሊስ የደረሰ መሆን አለበት። በመጨረሻም፣ ትእዛዝ እስኪገኝ ድረስ ዕቃው ይሸሻል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢጎድል ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

ትእዛዝ ሲኖርም ሥልጣኑ ልክ አለው። በትእዛዙ ከተጻፈው ዕቃ በቀር ሌላ አይወሰድም። የተወሰደው ይዘረዘራል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። እርግጥ ነው፣ እንደ 2009 እና እንደ 2014 ዓ.ም. ባሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ወቅት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበር ተፈቅዶ ነበር። ነገር ግን የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ከጊዜው ጋር ያልፋል፤ ለዘወትሩ ኑሮ የሚገዛው መደበኛው ሕግ ነው።

ታዲያ በርዎ ቢንኳኳ ምን ያደርጋሉ? በትሕትና ትእዛዙን ይጠይቁ፤ ያንብቡት። ትእዛዝ ከሌለ ምክንያቱን ይጠይቁ። ምክንያቱ ሕጋዊ ካልመሰለዎት አለመፍቀድዎን ምስክር ባለበት በግልጽ ይናገሩ፤ ነገር ግን እጅዎን አያንሡ። ሰዓቱን፣ የመጡትን ሰዎችና የተወሰደውን ዕቃ ጽፈው ይያዙ፤ ክርክሩን በዳኛ ፊት ያቅርቡ።

ከአድማጮቻችን መካከል ማኅተም የያዛችሁ፣ ደብዳቤ የምትፈርሙ አላችሁ። የመሥሪያ ቤት አለቃ ደብዳቤ ምንም ያህል ማኅተም ቢያርፍበት የዳኛን ትእዛዝ አይተካም። ጉዳዩ ቢያስቸኩላችሁም በሌላው ሰው ደጅ ላይ የምታከብሩት ሕግ የራሳችሁንም ደጅ የሚጠብቀው ያው ሕግ መሆኑን አትዘንጉ።