ቃጠሎና የቲም ልጆቻችን



የተከበራችሁ የየቲም አሳዳጊዎች፣ የፈላ ሻይ ወይም የጀበና ቡና ሕፃን ሲያቃጥል ብዙዎቻችን ወደ ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ እንሮጣለን። እኛም ይህንኑ አድርገናል፤ ተሳስተን ነበር። እነዚህ ሙቀቱን አፍነው ያስቀራሉ፤ ቁስሉንም ለመመርቀዝ ያጋልጣሉ። የሚበጀው የተቃጠለውን አካል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ በረዶ ግን አይደረግበትም። ቧንቧ በሌለበት በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ፊቱን ወይም እጁን ካገኘው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በዘመድ ቤት የሚያድግ የቲም ቁጣን ፈርቶ ቁስሉን በእጅጌው ሊደብቅ ይችላል። ስኒ ሲሰበር ከስኒው በፊት የልጁን እጅ እንመልከት፤ ውኃው የሚረዳው አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ነውና።